ምዕራፍ 6፦ ሳይደርሱ የማይወጡት

እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ፣ በዲትሮይት ከተማ፣ ዎልፍ ዙልዘር የተባሉ የሕፃናት ደም ሐኪም ግራ ያጋባቸውን የአንዲት ልጅ ሕመም ለሕክምናው ዓለም አሳወቁ። ልጅቷ ከአንዱ ኢንፌክሽን ስትድን ሌላው ይይዛታል። ደሟ ሲመረመር፣ ባክቴሪያን ቀድመው የሚገጥሙት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም። እንዲህ ያለ ውጤት ያየ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥረው መቅኔን ነው። የደም ሕዋስ የሚሠራው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ስለሆነ፣ ምርቱ ቆሟል ብሎ ይገምታል።

ከልጅቷ አጥንት ጥቂት መቅኔ ተቀድቶ በመስታወት ላይ ተቀባና በማይክሮስኮፕ ታየ። ምርቱ አልቆመም። እንዲያውም መቅኔው በኒውትሮፊል ጢም ብሏል። ከደሟ የጠፋው ሕዋስ እዚያ ተከማችቶ ተገኘ። ቀረብ ብሎ ላየው ደግሞ ብዙዎቹ ያረጁ ነበሩ። የጤነኛ ኒውትሮፊል ኒውክለስ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተያያዙ ጥቂት ጉብታዎች አሉት። በእነዚህ ግን ጉብታዎቹ ተኮማትረው በረጅምና በቀጭን ክር ብቻ ተንጠልጥለው ይታያሉ፤ አካላቸውም በባዶ ፊኛ ተበሳስቷል። ለሥራ ከደረሱ በኋላ ሳይወጡ ቀርተው፣ በተወለዱበት ቤት የሸመገሉ ሕዋሳት ናቸው። ዙልዘር ለሕመሙ ከግሪክኛ ስም አወጡለት፤ «ማየሎካቴክሲስ» አሉት፤ በመቅኔ ውስጥ ታግቶ መቅረት እንደማለት ነው።

ማን አገታቸው? በመቅኔና በደም ሥር መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው፤ ጤነኛ ሕዋስ እየተሹለከለከ ያልፈዋል። የሚቆልፍ በር የለም፤ የሚጠብቅ ዘበኛ የለም። ታዲያ ማን «ቆይ» አላቸው? መልሱ እስኪገኝ 40 ዓመት ገደማ ፈጀ። ሲገኝም የበሽታዋን ምክንያት ብቻ አልነገረንም፤ በእያንዳንዳችን አካል ውስጥ ገና ያልበሰሉ የመከላከያ ሕዋሳት የት እንደሚቆዩ፣ መቼ እንደሚነሡና በየት በኩል እንደሚወጡ የሚወስነውን ነገር አሳየን። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ነገር ነው። ወደ ልጅቷም እንመለሳለን፤ የእሷ ታሪክ መጨረሻ እኔ ከማውቃቸው የሕክምና ታሪኮች ሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው።

ከራሱ ከሕዋሱ ቆዳ እንነሣ። ሕዋስን የሚሸፍነው እጅግ ስስ የሆነ የቅባት ንብርብር ነው። በዚህ ንብርብር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። ከእነዚህ መካከል ከውጭ የሚመጣ መልእክት የሚይዙት ተቀባዮች ይባላሉ። የሕዋሳትን ጉዞ የሚመሩት ተቀባዮች አብዛኞቹ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሰፌድ እንደምትሰፋ ሴት ክር፣ ሽፋኑን ሰባት ጊዜ እየወጉ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። አንደኛው ጫፍ ውጭ ሆኖ መልእክቱን ይይዛል፤ ሌላኛው ጅራት ሆኖ ወደ ውስጥ ይንጠለጠላል። መልእክቱ ሲያዝ ተቀባዩ ቅርጹን ጥቂት ይለውጣል፤ ከውስጥ በኩል የተጠጋውን ጂ-ፕሮቲን የሚባል አገናኝ ይነካዋል፤ የተነካው አገናኝ ሌላውን ይቀሰቅሳል። የዚህን ቤተሰብ አሠራር የገለጡት ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ በ2012 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

መልእክቱ ራሱ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ኬሞካይን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው። ሠፈር ውስጥ ቡና ሲቆላ አስቡት። ሽታው ከአንድ ቤት ይነሣና በየአጥሩ እየሳሳ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቡናው የት ቤት እንደሚቆላ ባያውቅም፣ ሽታው ወደ ጠነከረበት እየተራመደ ይደርሳል። ሕዋስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ የሚያነጻጽረው የራሱን ፊትና ኋላ መሆኑ ነው። ከፊቱ ባሉት ተቀባዮች ላይ የተያዘው መልእክት ከኋላው ካለው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ቢበልጥ እንኳ ይለየዋል። ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ ገደማ ለሆነ ፍጡር ይህ የሚያስገርም ስሜት ነው። ልዩነቱ እንደታወቀ በፊት በኩል አክቲን የሚባለው ፕሮቲን በፍጥነት እየተደራረበ እግር ያወጣል፣ የኋላው ይጨማደዳል፣ ሕዋሱም ይሳባል።

ጠረኑ ግን ተቀባዩ ላላቸው ብቻ ነው የሚሸታቸው። አንድ ኬሞካይን ምንም ያህል ቢበዛ ተቀባዩ የሌለው ሕዋስ አይሰማውም። ስለዚህ ሕዋስ ሲያድግ አድራሻው እንዲለወጥ ሰውነት መንገዱን ማፍረስ አያስፈልገውም፤ ሕዋሱ አንዱን ተቀባይ ወደ ውስጥ ስቦ ሌላውን ወደ ቆዳው ካወጣ ይበቃል። ትናንት ይጎትተው የነበረው ቦታ ዛሬ ምንም አይለውም። ዕድገትና ጉዞ በአንድ ገመድ የተፈተሉት በዚህ ነው። ያልበሰለ ሕዋስ የሚሄድበትን የሚያውቀው በቆዳው ላይ ባወጣው ተቀባይ ነው፤ ተቀባዩን የሚያወጣው ደግሞ እንደ ዕድሜው ነው።

አሁን ወደ መቅኔ እንግባ። በዚያ ያሉ ተንከባካቢ ሕዋሳት ሲኤክስሲኤል12 የሚባል ኬሞካይን ሌት ተቀን ያፈሳሉ። የዚህ ጠረን ተቀባይ ሲኤክስሲአር4 ይባላል። የደም ሁሉ ምንጭ የሆኑት ግንድ ሕዋሳትና ገና በመብሰል ላይ ያሉ ኒውትሮፊሎች ይህን ተቀባይ በብዛት ይይዛሉ፤ ስለዚህ ጠረኑ ወደ ጠነከረበት ወደ ቤታቸው ይሳባሉ፣ አይርቁም። የእናቱ ሽታ እንደሚይዘው ጥጃ ናቸው፤ በረቱ ባይዘጋም ከመንጋው ጋር አይሰማሩም።

የዚህን ጠረን ኃይል በግልጽ ያሳየው በ1996 የወጣ የጃፓናዊው ታካሺ ናጋሳዋና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። ሲኤክስሲኤል12ን የሚሠራው ጂን የሌላቸው አይጦች ተፈጠሩ። በጽንስ ጊዜ ደም በብዛት የሚሠራው በጉበት ነው፤ ኋላ ላይ ሕዋሳቱ ከጉበት ተነሥተው ወደ መቅኔ ይሰፍራሉ። በእነዚያ አይጦች የኒውትሮፊል ወገን የሆኑት ሕዋሳት በጉበት ውስጥ ሲገኙ መቅኔው ግን ከእነሱ ባዶ ሊባል የሚችል ሆነ። የሚጠራቸው ጠረን ስላልነበረ ወደ አዲሱ ቤት አልገቡም። አይጦቹም በልደት ሰሞን ሞቱ።

ኒውትሮፊል ሲበስል ግን ነገሩ ይለወጣል። ሲኤክስሲአር4 ከቆዳው ላይ እየቀነሰ፣ ሲኤክስሲአር2 የሚባል ሌላ ተቀባይ እየበዛ ይሄዳል፤ ይኸኛው ከደም ሥር በኩል ለሚመጡ ጠረኖች የተዘጋጀ ነው። የቤቱ ገመድ ይላላል፣ የውጭው ይጎትታል፣ ሕዋሱም ወደ ደም ይወጣል። የአንድ ጤነኛ ጎልማሳ መቅኔ በዚህ መንገድ በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን ገደማ ኒውትሮፊል ያስመርቃል። ሕዋሱ አገልግሎ ሲያረጅ ደግሞ ሲኤክስሲአር4ን እንደገና ወደ ቆዳው ያወጣል፤ የልጅነቱ ጠረን ተመልሶ ይጠራውና ብዙዎቹ ወደ መቅኔ ተመልሰው እዚያው ይወገዳሉ። በተወለደበት ጠረን ተጠርቶ ወደተወለደበት ቤት ለሞት መመለስ፣ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

የዲትሮይቷ ልጅ ምሥጢር የተፈታው በ2003 ነው። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ቤተሰቦች ጂን ሲፈተሽ ስሕተቱ ሲኤክስሲአር4 ላይ ተገኘ። የሚገርመው ተቀባዩ አልጠፋም፣ አልደከመምም። በብዙዎቹ ታማሚዎች የጎደለው ጅራቱ ብቻ ነው፤ በተለመደው ዓይነት ከ352 አሚኖ አሲዶች የመጨረሻዎቹ 19 ተቆርጠዋል። ጅራቱ ለምን ይጠቅማል? ተቀባይ መልእክት ከያዘ በኋላ ዝም መባል አለበት። ኢንዛይሞች በጅራቱ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ አሬስቲን የሚባል ፕሮቲን ምልክቱን አይቶ ተቀባዩን ያፍነዋል፣ ወደ ውስጥም ይስበዋል። ጅራት የሌለው ተቀባይ ማፈኛ ስለሌለው መጮኹን አያቆምም። ለመውጣት የደረሰው ኒውትሮፊል አሁንም «ቤትህ ይህ ነው» የሚለው ድምፅ በኃይል ይሰማዋል። ስለዚህ ይቀራል፤ እዚያው ያረጃል፤ እዚያው ይሞታል።

ይህ ሕመም ዊም ሲንድረም ይባላል። ታማሚዎቹ ኒውትሮፊል ብቻ አይደለም የሚያጡት፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩት ሕዋሳትም ይቀንሱባቸዋል፣ እጅና እግራቸው ላይም በቫይረስ የሚመጣ የቆዳ ኪንታሮት እየበዛ አልለቅ ይላቸዋል። ሁሉም የአንድ ተቀባይ ጅራት መቆረጥ ያመጣው ነው።

መፍትሔው ከየት መጣ? ፈጽሞ ካልታሰበበት። በቤልጅየም፣ በሉቨን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ኤችአይቪን የሚያቆም ውሕድ ሲፈልጉ ኤኤምዲ3100 የተባለ አገኙ። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ ለመግባት ከሚጠቀምባቸው ሁለት ዋና መያዣዎች አንዱ ይኸው ሲኤክስሲአር4 ነው፤ ውሕዱም ይህን መያዣ ይሸፍናል። ውሕዱ ለጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ሲሰጥ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ የነጭ የደም ሕዋሳታቸው ቁጥር በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ወጣ። ለኤችአይቪ መድኃኒትነት ሳይበቃ ቀረ። ነገር ግን ሐኪሞቹ ያዩትን ችላ አላሉም። መያዣው ከተሸፈነ ሕዋሳቱ የቤታቸውን ጠረን ማሽተት ያቆማሉ፤ ግንድ ሕዋሳት ሳይቀሩ ወደ ደም ይወጣሉ። ውሕዱ ፕሌሪክሳፎር በሚል ስም በታኅሣሥ 2008 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ የሊምፎማና የማይሎማ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ለንቅለ ተከላ የራሳቸው ግንድ ሕዋስ ሲሰበሰብ፣ አጥንታቸው በመርፌ ሳይበሳ ከክንዳቸው ደም እንዲቀዳ ይረዳል። በአፍ የሚወሰድ ዘመዱ ማቮሪክሳፎር ደግሞ በሚያዝያ 2024 በአሜሪካ ዊም ሲንድረም ላለባቸው ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ታማሚዎች ተፈቀደ። ለዚህ ሕመም በስሙ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

ልጅቷስ? አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ሁለት ሴት ልጆቿም ሕመሟን ወርሰው፣ ወደ ስድሳ ዓመት ስትጠጋ በሜሪላንድ ወዳለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ልጆቿን ይዛ መጣች። ሐኪሞቹን ያስደነገጣቸው የልጆቿ ሕመም አልነበረም፤ የእሷ ጤንነት ነው። ከሠላሳዎቹ ዕድሜዋ መጨረሻ ጀምሮ ኢንፌክሽኑ ትቷታል፣ ኪንታሮቱ ጠፍቷል፣ ኒውትሮፊሏ ሞልቷል። ማንም አላከማትም። ዴቪድ ማክደርሞት፣ ፊሊፕ መርፊና ባልደረቦቻቸው የደም ሕዋሳቷን ጂን ሲያነቡ ያገኙትን በ2015 አሳተሙ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንዲት የግንድ ሕዋሷ ውስጥ ክሮሞዞም 2 እንደ ወደቀ ገል ተሰባብሮ በዘፈቀደ ተገጣጥሟል። በዚያ አደጋ ከአንደኛው ቅጂ 164 ጂኖች ወደቁ። እንዲህ ያለ መሰባበር ሕዋስን ይገድላል፣ አለዚያም ወደ ካንሰር ይገፋዋል። በእሷ ግን ከወደቁት 164 መካከል አንዱ ጅራቱ የተቆረጠው የሲኤክስሲአር4 ጂን ነበር። ጤነኛው ቅጂ ብቻ ቀረ። ያቺ አንዲት ሕዋስ ከታመሙት ሌሎች ግንድ ሕዋሳት ይልቅ በረታች፣ በዛች፣ በዓመታት ውስጥም የመቅኔውን ሥራ ተረከበች። የቆዳዋ ሕዋሳት ግን እስከ መጨረሻው ስሕተቱን እንደያዙ ነበሩ።

ይህ አንድ ጊዜ የሆነ አጋጣሚ ስለሆነ ማንም ሊተማመንበት አይችልም። ነገር ግን ሳይንቲስቶቹ ከዚህ ተነሥተው በአይጥ ላይ ሲሞክሩ፣ አንድ የሲኤክስሲአር4 ቅጂ ብቻ ያላቸው ግንድ ሕዋሳት ሲተከሉ ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚሰፍሩ አዩ። የአንዲት ሴት ዕድል ለሌሎች የመድኃኒት ሐሳብ ሆነ።

ከመቅኔ የሚወጣ ሁሉ ግን ለሥራ የደረሰ አይደለም። ቲ-ሕዋሳት የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ዘር ገና ጥሬ ሳለ ነው የሚነሣው። መድረሻው ታይመስ ነው፤ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ በላይ የተቀመጠ፣ በልጅነት ትልቅ ሆኖ ከጉርምስና በኋላ እየሟሸሸ የሚሄድ ዕጢ። እስከ 1961 ድረስ ብዙዎች ጥቅም የሌለው፣ የሚሞቱ ሕዋሳት መቃብር ይመስላቸው ነበር። በዚያ ዓመት ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ታይመስን አወጣ። አይጦቹ የመከላከያ ሕዋስ አጡ፤ ከባዕድ አይጥ የተተከለባቸውን ቆዳ እንኳ እንደ ራሳቸው ተቀበሉ። ታይመስ መቃብር ብቻ አልነበረም፤ ትምህርት ቤት ነበር። መቃብር ያሉትም ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ ወደ ውስጥ ከገቡት መካከል በሕይወት የሚወጡት ከመቶ አምስት አይሞሉም።

የታይመስን ሥርዓት ሳስብ ትዝ የሚለኝ የቆሎ ተማሪ ነው። ተማሪው ንባብ ቤት ጨርሶ ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያም ወደ ቅኔ ቤት ይሻገራል፤ እያንዳንዱ ጉባኤ በሌላ ደብር፣ በሌላ መምህር ነው፤ የጎደለውን ሳይሞላ ቢያልፍ ኋላ ይጋለጣል። የቲ-ሕዋስ ተማሪም ቦታ እየለወጠ ነው የሚማረው። እሱን ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚያሻግሩት በቆዳው ላይ የሚቀያየሩት ተቀባዮች ናቸው።

ሲመጣ ሲሲአር7ና ሲሲአር9 የሚባሉት ተቀባዮች ያስገቡታል፤ ከደም ሥሩ ግድግዳ ጋር የሚያጣብቁት ሌሎች ፕሮቲኖችም ያግዛሉ። የሚገባው በታይመስ ውጫዊና ውስጠኛ ክፍል ወሰን ላይ ነው። ከዚያ ሲኤክስሲአር4 ወደ ዳር፣ ወደ ቅርፊቱ ይስበዋል። እዚያ ጂኖቹን ቆራርጦ በመገጣጠም የራሱን ልዩ ተቀባይ ይሠራል፤ ይህ የቲ-ሕዋስ ተቀባይ ነው፣ ዕድሜውን ሁሉ ጠላትን የሚለይበት መሣሪያ። የእያንዳንዱ ተማሪ የተለያየ ነው፤ በዕጣ የተሠራ ስለሆነ ብዙው ከንቱ፣ ጥቂቱም አደገኛ ይወጣል።

አሁን ፈተናው ይመጣል። በቅርፊቱ ያሉ ሕዋሳት የሰውነትን ፕሮቲኖች ቁርጥራጭ እያሳዩ ያቀርቡለታል። ምንም መያዝ ካልቻለ ይሞታል። ለስለስ ባለ መንገድ ከያዘ የመኖር ምልክት ያገኛል፤ ይህ ምልክትም ሲሲአር7ን ወደ ቆዳው ያወጣዋል። በታይመስ መካከል ያሉ ሕዋሳት የሲሲአር7ን ጠረኖች ያፈሳሉ። ያለፈው ተማሪ ይህን ሲሸት ወደ መካከል ያቀናል። በአጉሊ መነጽር በሕይወት እንዳሉ ሲታዩ፣ ፈተናውን ያልጨረሱት እዚህም እዚያም ሲንከራተቱ፣ ያለፉት ግን ፈጠን ብለው በቀጥታ መስመር ሲሄዱ ይታያሉ። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ተቀባይ የሚለው ቃል ሕይወት ይዘራበታል።

ለምን ወደ መካከል? ምክንያቱም ሁለተኛው ፈተና የሚሰጠው እዚያ ነው። በመካከል ያሉት ሕዋሳት ኤር በሚባል ጂን እገዛ ከሌላ የሰውነት ክፍል የሚገኙ ፕሮቲኖችን፣ ለምሳሌ ከቆሽት የሆነውን ኢንሱሊን፣ በጥቂት በጥቂቱ ያሳያሉ። የራሱን ሰውነት አጥብቆ የሚይዝ ተማሪ እዚያ ይወገዳል ወይም ወደ ሰላም አስከባሪነት ይመለሳል። ተማሪው በዚህ ክፍል ለአራት፣ ለአምስት ቀን ያህል ይቆያል። እዚህ ቦታ ባይደርስስ? በጃፓን የዮስኬ ታካሃማ ቡድን ሲሲአር7 የሌላቸውን አይጦች ሲመረምር፣ ተማሪዎቹ ከቅርፊቱ ወደ መካከል ሳይሻገሩ ቀርተው ተገኙ። ቢሆንም ወደ ደም ወጡ። የሁለተኛውን ፈተና ሳይወስዱ የተመረቁት ሕዋሳት የአይጦቹን የእንባ ዕጢ አጠቁ። አንድ ሕዋስ ያልተሻገረው የሚሊሜትር ክፍልፋይ መንገድ ባለቤቱን ወደ ራስ በራስ የማጥቃት ሕመም ይከታል።

የመውጫው በር የተለየ ነው፤ የሚያሠራውም ኬሞካይን ሳይሆን ኤስ1ፒ የሚባል የቅባት ሞለኪውል ነው። ኤስ1ፒ በደም ውስጥ ብዙ ነው፤ በታይመስ ውስጥ ግን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ስላለ ጥቂት ነው። ልዩነቱ ራሱ ደጅ ነው፤ ተቀባዩ ያለው ሕዋስ ወደ በዛበት ወደ ደም ይሳባል። ያልበሰለው ሕዋስ ለምን ቀድሞ አይወጣም? በቆዳው ላይ ሲዲ69 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እሱም የኤስ1ፒን ተቀባይ እየያዘ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሁለቱ አብረው አይቆሙም። የመካከለኛው ክፍል ትምህርት ሲያልቅ ሲዲ69 ይነሣል፣ የኤስ1ፒ ተቀባይ ብቅ ይላል፣ ተማሪውም ደሙን ይሸተውና ይወጣል። የዚህ ተቀባይ ጂን በደም ሕዋሳታቸው በተሰረዘባቸው አይጦች ላይ ጄሰን ሳይስተርና ባልደረቦቹ በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ የበሰሉ ቲ-ሕዋሳት በታይመስ ውስጥ ታጉረው በደም ውስጥ ግን ጠፍተው እንደነበር አሳይቷል። ለ1964ቷ ልጅ የቅርብ ዘመድ የሆነ ታሪክ ነው፤ አንዱ ቤት ሕዋሱን አጥብቆ ያዘው፣ በሌላው ቤት ሕዋሱ ደጁን አጣ።

ከዚህም መድኃኒት ወጥቷል። ነፍሳትን ከሚወርር የፈንገስ ዝርያ የተገኘን ውሕድ ቴትሱሮ ፉጂታ የተባሉ ጃፓናዊ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው እየለወጡ ፊንጎሊሞድን ሠሩ። መድኃኒቱ የኤስ1ፒን ተቀባይ ከሕዋሱ ቆዳ ላይ ያጠፋል፤ ቲ-ሕዋሳት ከታይመስም ሆነ ከንፍፊት መውጣት ያቅታቸዋል። መልቲፕል ስክለሮሲስ በሚባለው ሕመም ነርቭን የሚያጠቁት እነዚህ ሕዋሳት ስለሆኑ፣ እንዳይወጡ ማድረግ ታማሚውን ይጠቅመዋል። በ2010 በአሜሪካ ሲፈቀድ ለዚህ ሕመም በአፍ የሚወሰድ የመጀመሪያው መድኃኒት ነበር። ተቀባዩ በልብ ላይም ስላለ የመጀመሪያው እንክብል የልብ ምትን ያዘገያል፤ ስለዚህ ታማሚው ለስድስት ሰዓት በክትትል ሥር ይቆያል።

የመጨረሻው ጉዳይ ለብዙዎቻችን የቤታችን ጉዳይ ነው። ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን ኬሞካይንን የሚይዝ፣ ግን ወደ ውስጥ መልእክት የማያስተላልፍ እንግዳ ተቀባይ ነው። በቀይ የደም ሕዋስና በደም ሥር ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባበት ዋና መንገድም ነው። በብዙ አፍሪካውያን፣ ከኢትዮጵያውያንም በብዙዎቻችን፣ በዚህ ጂን መቀስቀሻ ላይ አንድ ፊደል ተለውጣለች። ከዚህ የተነሣ ፕሮቲኑ በቀይ ሕዋሳት ላይ አይወጣም፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ግን ይቀራል። ለቫይቫክስ ትልቅ መከላከያ ነው፤ ፍጹም ግን አይደለም፣ በአገራችን ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ተይዘው ተገኝተዋልና።

በ2009 የወጣ ጥናት ይህች ፊደል ከዝቅተኛ የኒውትሮፊል ቁጥር ጋር እንደምትያያዝ አሳየ። በ2017 ደግሞ ምክንያቱ ተብራራ። በመቅኔ ውስጥ ግንድ ሕዋሳት ኒውክለስ ካላቸው ጥሬ ቀይ ሕዋሳት ጋር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ እነዚያ ጎረቤቶች ዳፊ ከሌላቸው የሚወለዱት ኒውትሮፊሎች ጠባያቸው ለየት ይላል፤ ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች መውጣት ይቀናቸዋል። በደም ውስጥ ሲቆጠሩ ያንሳሉ፤ ሰውየው ግን ለኢንፌክሽን ከሌላው ይበልጥ አይጋለጥም። ይህ ዝቅ ያለ ቁጥር በእስራኤል ባሉ ቤተ እስራኤላውያን ዘንድም ተመዝግቧል።

ችግሩ የሚመጣው ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ ተሠርቶ ወረቀቱ ሲወጣ ነው። የብዙ ላቦራቶሪዎች የኒውትሮፊል መነሻ መጠን የተወሰደው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ዘር ደም ነው። በማይክሮሊትር ከ1500 በታች ከሆነ ከቁጥሩ ጎን ወደታች የሚያመለክት ቀስት ይታተማል። ሰውየው ምንም ሳይሰማው «መቅኔህ ታሟል» ይባላል፤ አጥንቱ በመርፌ ይበሳል፣ የካንሰር መድኃኒቱ መጠን ይቀነስበታል ወይም ቀጠሮው ይዛወራል። ከባድ የአእምሮ ሕመምን የሚያክመው ክሎዛፒን ኒውትሮፊልን ስለሚቀንስ ታማሚው ደሙ እየተቆጠረ ነው የሚወስደው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የአሜሪካ መመሪያ በተፈጥሮ ቁጥራቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች ዝቅ ያለ ገደብ እንዲሠራላቸው አድርጓል። ያንን ግን ሐኪሙም ታማሚውም ማወቅ አለባቸው። ለሐበሻ ሐኪሞች የማቀርበው ልመና ይኸው ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ የታየን ቀስት ከመፍራታችሁ በፊት የዳፊን ነገር አስቡ።

አንባቢዬ፣ የድሮ ሲቢሲ ወረቀቶችህን አትጣል፤ አንቺም አትጣይ። በጤናህ ጊዜ የተሠራ ቁጥር በሕመምህ ጊዜ ለሚያይህ ሐኪም ትልቅ ማስረጃ ነው። ኒውትሮፊልህ ሁልጊዜ 1200 ከሆነና ጤነኛ ከሆንክ፣ ያ የአንተ መጠን ሊሆን ይችላል፤ ሐኪምህን የዳፊ ምርመራ ይደረግልኝ ብለህ መጠየቅ ትችላለህ። ትኩሳት ከተመላለሰብህ፣ አፍህ ውስጥ ያለ ቁስል አልድን ካለ፣ ወይም ቁጥሩ ከዱሮው በድንገት ካሽቆለቆለ ግን ዳፊ ነው ብለህ ቤት አትቀመጥ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂድ።